ከኤሌክትሮሊሲስ የማገኘው ኦክሲጅን ለምን ያንሳል?

ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ብርሃን ከተማ የኬሚስትሪ መምህር ስሆን፣ ውኃ በኤሌክትሪክ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን እንደሚከፈል ለተማሪዎቼ በተግባር ለማሳየት ሞክሬ ስለተቸገርሁ፣ የምታውቁ እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መጀመሪያ የገበታ ጨው በውኃ አሟሙቼ የ9 ቮልት ባትሪ ሳገናኝ፣ በፖዘቲቩ ጫፍ በኩል የበረኪና ሽታ ስለመጣ ክሎሪን መሆኑን ተረድቼ ወዲያውኑ አቋረጥሁ፤ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ጨው መጠቀም ፈጽሞ አይገባም። ከዚያም ጨውን በቤኪንግ ሶዳ ተክቼ፣ ከመጻፊያ እርሳስ ያወጣሁትን ግራፋይት (ከካርቦን የተሠራውን መሐል) ውኃው ውስጥ የሚገቡት ሁለቱ ጫፎች አድርጌ ደግሜ ሠራሁ። ሁለት የውኃ ሞለኪውሎች ሲከፈሉ ሁለት የሃይድሮጅንና አንድ የኦክሲጅን ሞለኪውል ስለሚሰጡ፣ በኔጋቲቩ በኩል 20 ሚሊ ሊትር ሃይድሮጅን ሲጠራቀም በሌላው በኩል 10 ሚሊ ሊትር ኦክሲጅን ጠብቄ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ያገኘሁት ግን 7 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ከተማችን ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየር ግፊቱ ዝቅ ቢልም፣ ይህ ሁለቱንም ጋዞች እኩል ስለሚነካ ምክንያቱ እርሱ አይመስለኝም።

ኦክሲጅን ከሃይድሮጅን ይበልጥ በውኃ ስለሚሟሟ ይሆን፣ ወይስ ከግራፋይቱ ካርቦን ጋር እየተዋሐደ? በፖዘቲቩ ጫፍ ዙሪያ ውኃው መጥቆሩ ሁለተኛውን ያስጠረጥረኛል። ሁለቱን በቀላሉ የምለይበትን ዘዴ፣ እንዲሁም ከኦክሲጅን ጋር በቀላሉ የማይዋሐደውን ውድ ብረት ፕላቲኒየም ለማናገኝ ትምህርት ቤቶች በግራፋይቱ ምትክ ምን እንደሚሻል ብትጠቁሙኝ እጅግ አመሰግናለሁ።