ካክተሴ ከሥሩ ለስልሷል፤ በጅማ ክረምት እንዴት ነው ውሃ የሚጠጣው?

የቆጪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 15 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚሆን ድብልብል ካክተስ ነው። መትከያው ፕላስቲክ፣ አፈሩ የግቢ ቀይ አፈር ከፍግ ጋር፣ ቦታው የበረንዳ ጠርዝ። በሳምንት አንዴ አንድ ብርጭቆ ውሃ ያገኛል። ከሐምሌ ወዲህ ታችኛው ክፍል ቢጫ ሆኖ ጣት ሲነካው ይሰረጉዳል። ውሃ አንሶት ነው ወይስ በዝቶበት? ይድናል?

ጅሬን ማዶ፦
በዝቶበት ነው እህቴ። ውሃ ያነሰው ካክተስ ይጨማደዳል እንጂ ከሥሩ እንዲህ ቢጫ ሆኖ አይለሰልስም። የበሰበሰው ግን ቢጫ ወይም ቡናማ ይሆናል፣ ውሃ ያዘለ ይመስላል፣ ቆይቶም ይሸታል። (ያረጀ ካክተስ ከታች እንደ ቅርፊት ቡናማና ደረቅ ሲሆን በሽታ አይደለም፤ አይነካም።)

ችግሩ ብርጭቆው ሳይሆን አፈሩ ረጥቦ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ቀይ አፈራችን ደቃቅ ስለሆነ ሲርስ አየር አያሳልፍም፤ ሥሩ ታፍኖ ይሞታል። በሞተው ሥር በኩል እንደ ፉሳሪየም፣ ፒቲየምና ፊቶፍቶራ ያሉ በሽታ አምጪዎች ገብተው ወደ ግንዱ ይወጣሉ። ከላይ ሲታይ ሥሩ አብዛኛው አልቋል ማለት ነው፤ ስለዚህ ዛሬውኑ ንቀይው።

በታጠፈ ጋዜጣ ይዘሽ አውጪና አፈሩን አራግፊ። ቢላውን በአልኮል ጠርገሽ ከታች ጀምረሽ በስሱ ቁረጪ። መሐሉ ላይ ክብ ቀለበት ይታያል፤ እዚያ ላይ አንዲት ቡናማ ነጥብ እንኳ ከቀረች በሽታው አልወጣም፣ ቢላውን እንደገና ጠርገሽ ቀጥዪ። ነጥቡ እስከ አናቱ ከደረሰ ግን ከነአፈሩ መጣል ነው። ንጹሑ ከተገኘ ጠርዙን ዙሪያውን በሰያፍ ላጪው፤ ሲደርቅ ሥጋው ወደ ውስጥ ስለሚሰበሰብ አዲሱ ሥር የሚወጣበት ቀለበት ተደብቆ እንዳይቀር ነው። የተፈጨ ቀረፋ መነስነስ ይቻላል፣ ዋናው ግን ማድረቅ ነው፦ ጥላ፣ ነፋስ ያለበት ቦታ፣ በዚህ እርጥበት 2 ወይም 3 ሳምንት። የወጥ ቤት እንፋሎት አይድረሰው። ከዚያ በደረቅ ጠጠር ላይ አስቀምጠሽ በድንጋይ ደግፊው፤ ሥር ሳያወጣ ውሃ የለም።

ሂርማታ በረንዳ፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ አፈሩ ካልተቀየረ ግን ተመልሶ ይበሰብሳል። 1 እጅ የተነፋ አፈር፣ 3 እጅ ሬድ አሽ ወይም ፑሚስ (ቀዳዳ የበዛባቸው የእሳተ ገሞራ ጠጠሮች)። ብሎኬት የሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ይገኛል። ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሆነውን በወንፊት ለይታችሁ ዱቄቱን እጠቡት። ደቃቅ የወንዝ አሸዋ አይተካውም፤ አፈሩን ይጠቀጥቀዋል። የቡና ገለባ እዚህ ርካሽ ቢሆንም ውሃ ይዞ ራሱ ይበሰብሳልና ይቅር። ፍግም እንደዚያው። መትከያው ከተክሉ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይስፋ፣ ከታች ቀዳዳ ይኑረው፤ ሸክላ ቢሆን ይመረጣል፣ በጎኑም ይተነፍሳል።

አጠጣጡ፦ ቀን አትቁጠሩ። የእንጨት ስንጥር እስከ ታች ሰክታችሁ ከ10 ደቂቃ በኋላ አውጡት፤ ቀዝቃዛ ከሆነ ወይም አፈር ከያዘ ቆዩ። ፍጹም ሲደርቅ በቀዳዳው እስኪፈስ አጠጡ፣ ሰሃኑ ላይ የተጠራቀመውን ድፉ። ጥቂት ጥቂት መስጠት የላዩን ብቻ ያረጥባል፣ የታችኛው ሥር ይደርቃል። ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ ከኅዳር እስከ የካቲት በግምት በ10 ወይም 14 ቀን አንዴ ይበቃዋል፣ ያውም ጠዋት። ከሰኔ እስከ መስከረም ጣሪያ ሥር ገብቶ ውሃ ባያገኝ ይሻላል፤ በጣም ከተጨማደደ በወር አንዴ። የበረንዳ ጠርዝ የሚባለው ቦታ ጠፈጠፍ የሚወርድበት ነው፣ ከዚያ አንሡት።

የቆጪዋ፦
አመሰግናለሁ። ውሃው እንዲወርድ ከታች ጠጠር ላንጥፍ?

ሂርማታ በረንዳ፦
አይ፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል ግን አይጠቅምም። ውሃ ከደቃቁ አፈር ወደ ጠጠሩ በቀላሉ አይወርድም፣ ከጠጠሩ በላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ እርጥቡ ክፍል ወደ ሥሩ ቀረበ ማለት ነው። ቀዳዳው ላይ ቁራጭ ወንፊት ይበቃል።

ሦስት እሾህ፦
ልዩነት ላክልበት። ጠፍጣፋው የገና ካክተስ የብራዚል ጫካ ተክል ስለሆነ እስከ ታች ሳይደርቅ ይጠጣል፤ የላይኛው 2 ሴንቲ ሜትር ሲደርቅ። ቀይ ኳስ የተቀጠለበት ባለ ሦስት ማዕዘን አረንጓዴ ግንድ ደግሞ ብርድ አይወድም፤ የታኅሣሥ ሌሊት ቤት ይደር። ለአጥር የሚተከለው ባለ ነጭ ወተት ቁልቋል ካክተስ ባይሆንም አጠጣጡ አንድ ነው፣ ስትቆርጡት ግን ወተቱ ዓይን እንዳይነካ። ክረምቱን ጥላ ውስጥ የከረመ ካክተስ በጥቅምት በቀጥታ ፀሐይ ላይ አይውጣ፤ ይቃጠላል፣ ጠባሳውም አይጠፋም። በጠዋት ፀሐይ ጀምሮ በ2 ሳምንት ማለማመድ ነው።