አንድ ሥራ በሁለት እጅ፦ ለማዳመጫ ምሽቶች የጋራ ሐሳብ እናዘጋጅ

ሰብሳቢዋ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ጉባኤ፣ ያለፉትን ታላላቅ ፒያኒስቶች በጋራ የምናዳምጥባቸው ምሽቶች ይኑሩን ተብሎ ነበር። ለሥራ አመራሩ ከማቅረባችን በፊት ሐሳቡን እዚሁ እናብስለው። እኔ ለመነሻ ያሰብኩት በየምሽቱ አንድ ሰው ይዘን እንድንሄድ ነው፦ አንድ ቀን ራህማኒኖቭ፣ አንድ ቀን ሽናብል፣ ከዚያ ሊፓቲ፣ ሪክተር፣ ጉልድ። ሕይወቱን ባጭሩ እንናገራለን፣ ከዚያ እናዳምጣለን። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጻፉልኝ፤ ቅጂዎቹ የሚታወቁት በዚያ ነው። ያሻችሁን ጨምሩ፣ ያላመናችሁበትን አውጡ።

የፒያኖ መምህሩ፦
እህቴ፣ ምሽቶቹን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። አንድ ሰው ለአንድ ምሽት የሚለውን ግን እንተወው ባይ ነኝ። በዚያ ከሄድን አድንቀን እንወጣለን እንጂ ሰውየው ምን እንደሠራ አንሰማም። ጆሮ የሚነቃው ያው ኖታ በሌላ እጅ ሲመጣ ነው።

የሾፓንን ሁለተኛ ሶናታ (በክፍል በክፍል የተጻፈ የፒያኖ ድርሰት) ውሰዱ፤ የቀብር ማርሽ ያለበትን። ከመካከለኛው ለስላሳ ዜማ በኋላ ማርሹ ሲመለስ፣ ሾፓን የጻፈው እንደ አጀማመሩ በለሆሳስ እንዲነሣ ነው። ራህማኒኖቭ በ1930 ሲቀርጸው ይህን ገልብጦታል። ማርሹ በሙሉ ኃይል ይመለሳል፣ ከዚያ እየራቀ፣ እየራቀ ይጠፋል፤ ለቀስተኛው በደጃችን አልፎ ሲሄድ የምንሰማ ይመስላል። ከእሱ በፊት አንቶን ሩቢንስታይንም እንዲህ ይጫወተው ነበር፤ ስለዚህ ድንገት ደርሶ ያመጣው አይደለም። ደግሞ ከአልፍሬድ ኮርቶ የ1933 ቅጂ ጋር አስተያዩት። ኮርቶ የሚስታቸው ኖታዎች አሉ፣ ማንም ይሰማቸዋል። ዜማውን ግን ይናገረዋል፤ ቀኝ እጁ ከግራው ጥቂት ዘግየት እያለ፣ ቃል እየመረጠ እንደሚያወራ ሰው። እነዚህን ሁለቱን ተከታትሎ የሰማ አባል፣ ኖታውን ማንበብ ባይችል እንኳ፣ ፒያኒስት ምን ምን የመወሰን ሥልጣን እንዳለው ይገባዋል። ራህማኒኖቭን ለብቻው ብናሰማ ይህ አይገኝም።

ጸሐፊው፦
የመምህርን ሐሳብ መዝግቤያለሁ፣ እኔም እደግፋለሁ። አንድ ነገር ግን በረቂቁ ላይ በግልጽ ይቀመጥልኝ፦ «ማን ይበልጣል» ብለን ድምፅ አንሰጥም። ሆሮቪትዝን ከሪክተር ጋር አነጻጽሮ አንዱን ማስቀደም ክርክር ይፈጥራል እንጂ ጆሮ አያሠለጥንም።

ስለ ሁለቱ ካነሣሁ፣ የሙሶርግስኪ የፒያኖ ድርሰት «የኤግዚቢሽን ሥዕሎች» ለዚህ የተፈጠረ ነው። ሆሮቪትዝ በ1951 ካርኔጊ አዳራሽ ሲጫወት በራሱ እጅ ያሰናዳውን ነው የተጫወተው፤ ኖታ ጨምሮ፣ ፒያኖውን ኦርኬስትራ ሊያደርገው። ሪክተር በ1958 በቡልጋሪያ ሶፊያ ላይ የተጫወተው ግን ሙሶርግስኪ የጻፈውን ነው፤ ደረቁን፣ ሻካራውን ሳያለሰልስ። አድማጩ ሲያስል በቅጂው ውስጥ ይሰማል፤ እሱ ግን ፍንክች አይልም። ሶፊያ የእኛው ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋ የተማሩባት ከተማ መሆኗንም በመግቢያ ንግግሩ ብናነሣ ደስ ይለኛል።

የድምፅ ባለሙያው፦
ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ለመስማት ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ሁለት ቅጂ ስናሰማ የድምፁ መጠን እኩል ካልሆነ፣ ጮኽ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። አስቀድሜ ላስተካክለው ፍቀዱልኝ። ሁለተኛ፣ የድሮዎቹን ሸክላዎች «አጽድቶ» የሚያቀርብ ቅጂ አንምረጥ። ማጣሪያው ከሹሹታው ጋር የፒያኖውን ብርሃን ያጠፋዋል። ትንሽ ሹሹታ ጆሮ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ይለምደዋል።

ሦስተኛ፣ ለአድማጩ እንዲነገርልኝ የምፈልገው አለ። በደቂቃ 78 ጊዜ በሚዞረው ሸክላ ዘመን አንድ ገጽ የሚይዘው አራት ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። ሽናብል ከ1932 እስከ 1935 ለንደን ውስጥ 32ቱን የቤትሆቨን ሶናታዎች ሲቀርጽ፣ በየአራት ደቂቃው እያቆመ፣ ሳይቆርጥ ሳይቀጥል ነው። ዛሬ ስቱዲዮ ውስጥ እንከኑ ሁሉ ተቆርጦ ይወጣል። የእሱን ስሕተት ከዛሬ ቅጂ ንጽሕና ጋር ማወዳደር ፍርድ ማጉደል ነው።

የፒያኖ መምህሩ፦
ልጄ፣ ይህን በማንሣትህ ተባረክ። ሽናብል ሃመርክላቪየር በተባለው የቤትሆቨን ሶናታ መጀመሪያ ክፍል የሚደናቀፈው እኮ ቤትሆቨን የጻፈውን 138 የሜትሮኖም ፍጥነት (በደቂቃ 138 ምት) አምኖ ለመድረስ ሲሮጥ ነው። ፒያኒስቱ ጊለልስ በ1982 ሲቀርጸው ያን ፍጥነት ትቶ ሕንጻውን አሳየን። ሁለቱም ስለ ቤትሆቨን እውነት ይናገራሉ። የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ይበቃናል፤ ሙሉውን ካልን ምሽቱ አይበቃም።

አንዲት አባል፦
እስካሁን የተጠሩት ሁሉ ወንዶች ናቸው። ክላራ ሃስኪልን ካላስገባን እኔ በዚህ ረቂቅ ላይ አልፈርምም። በኅዳር 1960 ከኦርኬስትራ መሪው ማርኬቪች ጋር የሞዛርትን የዲ ማይነር ኮንቼርቶ (የፒያኖና የኦርኬስትራ ድርሰት) ቀርጻ፣ በሚቀጥለው ወር ብራስልስ ባቡር ጣቢያ ወድቃ ሞተች። በዚያ ቅጂ የፒያኖው የመጀመሪያ መግቢያ ላይ ምንም አትጨምርም፤ ምንም ስለማትጨምር ነው አንጀት የሚበላው። ኤድዊን ፊሸር በ1933 የቀረጸው አጠገቡ ቢቀመጥ ልዩነቱ ያለ ማብራሪያ ይሰማል።

ደግሞስ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩስ? እኛ ኢትዮጵያውያን ስለ ፒያኖ ተሰብስበን እሳቸውን ሳናነሣ እንለያያለን?

የፒያኖ መምህሩ፦
ሃስኪል ላይ ቃል የለኝም፣ ትግባ። እማሆይን በተመለከተ ግን እንዲህ ላስብ። በ1967 ጀርመን ውስጥ ያስቀረጹት የራሳቸው ድርሰት ነው፤ በእሳቸው እጅ፣ በእሳቸው ጊዜ አያያዝ። ከቅኝቶቻችንና ከዜማችን የወጣ በመሆኑ ከኮርቶ ወይም ከሊፓቲ ጎን ብናስቀምጠው ለሁለቱም አይሆንም። የሚገባቸው የራሳቸው ሙሉ ምሽት ነው፤ ድርሰታቸውን ያጠኑ ወጣቶች በአካል እየተጫወቱ። ይህን እንደ ሌላ ሐሳብ ለብቻው እንጻፈውና እኔ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ።

አንዲቱ አባል፦
መምህር፣ እርስዎ ኃላፊነቱን ከወሰዱ ተስማምቻለሁ። በቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር።

ገንዘብ ያዡ፦
አዳራሹን ከአራት ምሽት በላይ መያዝ አንችልም። የጉልድ ነገር ግን ከአራቱ እንዳይወጣ እለምናለሁ። የባክን ጎልድበርግ ቫሪዬሽንስ (አንድ መክፈቻ አሪያና ከእሱ የሚወጡ ልውጥ ክፍሎች) በ1955 ሲቀርጽ 38 ደቂቃ፣ በ1981 ሲቀርጽ 51 ደቂቃ ወሰደበት። ያው ሰው፣ ያው ባክ።

የድምፅ ባለሙያው፦
ትክክል ነው፤ ግን ቁጥሩን ብቻ ከተናገርን እናሳስታለን። በ1981ኛው ላይ በመጀመሪያው ያልደገማቸውን አንዳንድ ክፍሎች ደግሟቸዋል፤ የተጨመረው ሁሉ ከዝግታ አይደለም። ንጹሕ ማነጻጸሪያ የሚሆነን የመክፈቻው አሪያ ነው፦ በወጣትነቱ ሁለት ደቂቃ አይሞላም፣ ኋላ ላይ ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። ሁለቱን አሪያዎች አከታትለን እናሰማ፣ ከዚያ አንድ ሁለት ቫሪዬሽን። ሲያንጎራጉርም ይሰማል፤ እሱን አላጠፋውም።

ሰብሳቢዋ፦
የኔን መነሻ አንስቼዋለሁ፤ የመምህር መንገድ ይሻላል። ሊፓቲ ግን ሊወጣብኝ ነው መሰለኝ። የሾፓንን ዋልሶች በሐምሌ 1950 ጄኔቭ ቀረጸ፤ በመስከረም ቤዛንሶን ላይ በተቀረጸ ኮንሰርት ታሞ ወጥቶ ከ14ቱ 13ቱን ተጫወተና የመጨረሻውን አልቻለም። በታኅሣሥ ሞተ፣ ገና 33 ዓመቱ ነበር። ከሁለቱ ቅጂዎች አንድ ዋልስ መርጠን ከጉልድ ጋር በአንድ ምሽት ብናደርግስ? ሁለቱም አንድ ሰው ከራሱ ጋር የሚነጻጸርባቸው ናቸው።

ጸሐፊው፦
ያማረ ነው፣ ጽፌዋለሁ። እንግዲህ ረቂቁ ይህን ይመስላል፦ በመጀመሪያው ምሽት ራህማኒኖቭና ኮርቶ በሾፓን ሶናታ፤ በሁለተኛው ሽናብልና ጊለልስ በቤትሆቨን፣ ከእረፍት በኋላ ሃስኪልና ፊሸር በሞዛርት፤ በሦስተኛው ሆሮቪትዝና ሪክተር በሙሶርግስኪ፤ በአራተኛው ጉልድና ሊፓቲ። ድምፅ አይሰጥም። የተጫዋቹ ስም የሚገለጸው ሁለቱም ቅጂዎች ከተሰሙ በኋላ ነው፤ ይህን እኔ ጨምሬዋለሁ፣ የሚቃወም ካለ ይናገር። የእማሆይ ምሽት በተለየ ደብዳቤ ይቀርባል።

የፒያኖ መምህሩ፦
ስሙን መደበቁ ጥሩ ነው። ጉልድን ግን በማንጎራጎሩ ሁሉም ያውቀዋል።

ሰብሳቢዋ፦
ተቃውሞ ስለሌለ ጸድቋል። ሁለቱንም ደብዳቤዎች ለሥራ አመራሩ አብሬ አስገባለሁ። መምህር፣ የኮርቶን ቅጂ ለድምፅ ባለሙያችን ቀደም ብለው ይስጡልን፤ መጠኑን የሚያስተካክልበት ጊዜ ይፈልጋል።