ግቢዬ ውሃ እያቆረ ተቸግሬያለሁ

አዲስ ቤት ከገባን አራት ወራችን ነው። ከኋላ 6 በ8 ሜትር የሆነች ባዶ መሬት አለችን። ሣር ላለብሳት ነበር ሐሳቤ። ግን ዝናብ በዘነበ ቁጥር ውሃው ከግድግዳው ሥር ይተኛል፤ ሁለት ሦስት ቀን ንቅንቅ አይልም።

አፈሩ ሸክላ ነው። እርጥቡን ሳድቦለቡለው እንደ ሊጥ ይያዛል፤ ሲደርቅ ደግሞ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ቤቱ ሲሠራ ከባድ መኪና ሲመላለስበት ስለከረመ ክፉኛ ተጠቅጥቋል።

መጀመሪያ አሸዋ ቀላቀልኩበት። ስህተት ነበር። ጭራሽ እንደ ሲሚንቶ ደረቀና ዶማ አልገባ አለው። የዘራሁት ሣርም በ3 ሳምንት ቢጫ ሆነ። ነቅዬ ሳየው ሥሩ ጠቁሯል፤ አፈሩ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል።

ከዚያ 30 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሬ ውሃ ሞላሁበት። ከ24 ሰዓት በኋላ ግማሹ እንኳ አልሰረገም። በክርና በውሃ ልክ ስለካው ደግሞ መሬቱ ወደ ቤቱ ያዘነብላል፤ በ3 ሜትር 5 ሳንቲሜትር ያህል። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። ሣሩስ ይደርሳል፣ የቤቱ መሠረት እየራሰ ነው።

ያለኝ ዶማ፣ አካፋ፣ የእጅ ጋሪና አንድ ክምር የበሰለ ኮምፖስት ነው። ጉልበቱም አለኝ፤ ግን ሁሉንም በአንዴ አልችለውም። እንዲህ ያለ አፈር የገጠማችሁ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርጌ ጠጠር የሚሞላ ቦይ መቆፈሩን ላስቀድም ወይስ አፈሩን እየቆረጥኩ ቁልቁለቱን ከቤቱ ወደ ውጭ ማዞሩን?