የላይሶዛይም ፎሪየር ትንተና፦ ፒኩ 35 እና 52 ላይ አላርፍ አለ

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)
ሰላም ለሁላችሁ። የላይሶዛይምን (የባክቴሪያ ግድግዳ የሚቆርጥ ኢንዛይም) የሥራ ቦታ በፎሪየር ለማግኘት እየሞከርኩ ነው። 8 የላይሶዛይም ሴኩዌንሶች (የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተሎች) ከዩኒፕሮት (የፕሮቲን ዳታቤዝ) አውርጄ አሚኖ አሲዶቹን በኢአይአይፒ ዋጋ (ለእያንዳንዱ አሚኖ አሲድ የተሰጠ የኤሌክትሮን ጉልበት ቁጥር) ተካሁ (ሉሲን 0፣ አስፓርቲክ አሲድ 0.1263)፣ ቁጥሮቹ በየትኛው ፍሪኩዌንሲ እንደሚደጋገሙ ለማየት ፎሪየር ሠራሁ፣ የጋራው ፒክ እንዲጎላ ስፔክትረሞቹን እርስ በርስ አባዛሁ። ዜሮ ፍሪኩዌንሲ ላይ ያለው ፒክ ሌላውን ሁሉ ዋጠው። የ32 አሚኖ አሲድ ዊንዶው በሴኩዌንሱ ላይ እያንሸራተትኩ ስሠራ ደግሞ ከ50 እስከ 72 ያለው ጎልቶ ይወጣል። የዶሮው የሥራ ቦታ ቁጥር 35 ላይ ያለው ግሉታሚክ አሲድ እና ቁጥር 52 ላይ ያለው አስፓርቲክ አሲድ አይደለም እንዴ?

ጮቄ (ደብረ ማርቆስ)
ወንድሜ፣ ቆጠራው ነው። ዩኒፕሮት ላይ የዶሮው 147 ነው፤ የፊተኞቹ 18 ሲግናል ፔፕታይድ (ፕሮቲኑን ከሴል ወደ ውጭ የሚመራ መነሻ ክፍል) ናቸው፣ ተቆርጠው ይወድቃሉ። 35 እና 52 የሚባለው በቀሪው 129 ሲቆጠር ነው፤ በአንተ ፋይል 53 እና 70 ይሆናሉ። 18ቱን ከፎሪየር በፊት ቁረጣቸው። 7ቱ ሉሲን ስለሆኑ መነሻው ላይ ዜሮ ተደርድሮ ስፔክትረሙን ያዛባል።

ለዜሮው ፒክ የእያንዳንዱን ሴኩዌንስ አማካይ ከራሱ ቀንስ፣ ከዚያ ርዝመት ለማስተካከል ዜሮ ሙላ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሴኩዌንሱ ያለቀበት ላይ ደረጃ ይፈጠርና ሐሰተኛ ፒክ ያመጣል።

ደጀን በር
ቆጠራው ልክ ነው፤ ግን ገና አትደሰት። በ32 ዊንዶው የፍሪኩዌንሲ ልዩነት 1/32፣ ማለትም 0.03 ገደማ ነው፤ ቦታውም በዚያው ልክ ይደበዝዛል። «ቁጥር 53» ብሎ መናገር አይቻልም። ዊንዶውን ብታጠብበው ቦታው ይጠራል፣ ፍሪኩዌንሲው ይጠፋል።

8ቱ ዶሮ፣ ቱርክ፣ ድርጭት ከሆኑ ደግሞ ሥራ ሳይሆን ዝምድና ነው የምትለካው፤ ተመሳሳይ ሴኩዌንስ የትኛውንም ፒክ ይጋራል። ራቅ ያሉትን አስገባ። ስምንት ስፔክትረም ሲባዛ የሲግናልና የኖይዝ ሬሾ (ፒኩ ከስፔክትረሙ አማካይ ስንት እጥፍ እንደሆነ) 20ን ማለፍ ቀላል ስለሆነ ያንን ቁጥር ብቻ አትመን። አሚኖ አሲዶቹን 1000 ጊዜ በውዘህ አወዳድር። 0.28 አካባቢ ፒክ ካየህ የአልፋ ሄሊክስ (የፕሮቲን ጠመዝማዛ ቅርጽ) ዙር (በ3.6 አሚኖ አሲድ አንድ፣ ማለትም 1/3.6) ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚሻለው ፈተና አልፋ ላክታልቡሚን ነው። የወተት ፕሮቲን ነው፣ የላይሶዛይም ዘመድ፣ ቅርጹም ይመስለዋል፤ የባክቴሪያ ግድግዳ ግን አይቆርጥም። ፒክህ እዚያም ካለ የቅርጹ እንጂ የሥራው አይደለም።

ጣና ዳር
አመሰግናለሁ። ቀጥዬ የጤፍ ፕሮላሚን (በእህል ፍሬ ውስጥ የሚከማች ፕሮቲን) ላይ ላድርገው?

ጮቄ
አይመከርም። ፕሮላሚን ግሉታሚንና ፕሮሊን ይበዛበታል፤ ድግግሞሽ ካለ ደግሞ ፒኩ የድግግሞሹ ይሆናል። የሥራ ቦታው በሙከራ የታወቀ ኢንዛይም ምረጥ።