ልጄ ኦቲዝም አለበት፣ አንደኛ ክፍል ገብቷል፤ «ሞግዚት አብራው ትቀመጥ» ተባልኩ

የአንድዬ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ዘንድሮ አዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ገባ። ፊደል ለይቷል፣ ይቆጥራል፣ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አንድ ቃል ሳይስት ይደግማል፤ ውኃ ሲጠማው ግን አይጠይቅም። ጠዋት ሰልፍ ላይ ድምፅ ማጉያው ሲጮህ ጆሮውን ይዞ ይሮጣል። «ደብተር ቀይሩ» ሲባል ያለቅሳል። አሁን «ወይ አንቺ ወይ ሞግዚት አብራችሁት ተቀመጡ፣ ካልሆነ ልዩ ትምህርት ቤት ውሰጂው» ብለውኛል። ሥራ አለኝ። እናቴ ደግሞ ጸበሉ ይቅደም ትላለች። እናንተ ምን አደረጋችሁ?

ጠመኔ፦
እህቴ፣ እኔ የአንደኛ ክፍል ስም ጠሪ ነኝ። ሃምሳ ምናምን ልጆች አሉኝ፤ አንዷ ኦቲዝም አለባት። ሞግዚት አታስገቢ። ሞግዚት አጠገቡ ከተቀመጠች ልጁ እሷን እንጂ መምህሩን አያይም፣ ልጆቹም አይጠጉትም፣ መምህሩም «እሷ አለችለት» ብሎ ይተወዋል።

ከሰልፉ ጀምሪ። መዝሙሩ ካለቀ በኋላ እንዲገባ ወይም ከድምፅ ማጉያው ርቆ በክፍሉ በር እንዲቆም አስፈቅጂ። የእኛ ሚኒ ሚዲያ ድምፅ ማጉያ በመስኮታችን ትይዩ ነበር፤ የክበቡን ተጠሪ ለምኜ ወደ ሜዳው አስዞርኩት። ገንዘብ አልጠየቀም፣ ንዝነዛ ብቻ።

ለልቅሶው ደግሞ ካርቶን ላይ የቀኑን ፕሮግራም በሥዕል ደርድሪለት፦ አማርኛ፣ ሒሳብ፣ ዕረፍት፣ ምሳ፣ ቤት። ያለቀውን ራሱ ይገልብጥ። እኔ ደወሉ ከመደወሉ በፊት ልጅቷ ጋ ሄጄ ቀጣዩን ሥዕል በጣቴ አሳያታለሁ፤ የሚያስለቅሳት ትምህርቱ ሳይሆን ድንገቴው ነበር። ውኃና ሽንት ቤትም ሥዕል አላቸው፤ አንስታ ትሰጠኛለች። «እዪኝ» አልላትም፤ መስኮቱን እያየች ከብዙዎቹ በተሻለ ትሰማኛለች። የምትቀመጠው ፊት ለፊት፣ ግድግዳው ጥግ፣ ረጋ ካለች ልጅ ጋር ነው። በሦስት ሰው ዴስክ መሃል ማስቀመጥ ግፍ ነው! ምገባ ላይ ወጥ እንጀራው ላይ ከፈሰሰ አትነካውም፤ ለየብቻ ይደረግላት ብዬ ተናግሬያለሁ።

እናትሽን አታስቀይሚ፤ ጸበሉንም ይሂዱ፣ በትምህርት ቀን ብቻ አይሁን።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እዚህ አሜሪካ ትምህርት ቤቱ ለልጁ የሚያደርገውን ድጋፍ በጽሑፍ የማስፈር ግዴታ በሕግ አለበት፤ አይኢፒ ይሉታል። ቢያንስ በዓመት አንዴ ተሰብስበን እንከልሰዋለን፤ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል። አንቺም ጠመኔ ያለችውን በአንድ ወረቀት አጽፊና አስፈርሚ፤ መምህር ሲቀየር ከዜሮ አትጀምሪም። ደግሞ እዚህ ላላችሁ፦ «ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ ተናገሩ» ብለውን ነበር። አልሰማንም። ሁለት ቋንቋ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ንግግር እንደሚያዘገይ ጥናቶቹ አላሳዩም፤ ልጄም ከአያቱ ጋር በስልክ የሚያወራው በአማርኛ ነው።

አባ ቢራቢሮ፦
«ውሰጂው» ሲሉሽ ዝም አትበይ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2010 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች፤ አንቀጽ 24 ልጆች በአካል ጉዳት ምክንያት ከአጠቃላይ ትምህርት እንዳይገለሉ ይላል። ክፍለ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ባለሙያውን ጠይቂ፤ ድጋፍ መስጫ ማዕከል ያለው ትምህርት ቤት ቅርብሽ ካለ ይነግሩሻል። ዘሚ የኑስ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በ2002 እ.ኤ.አ. የከፈተችው ጆይ የኦቲዝም ማዕከል አለ፣ ነህምያ የሚባለው የኦቲዝም ማዕከልም አለ፤ ግን ቦታ እስኪገኝ ልጁ ቤት አይቀመጥ።

የአንድዬ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠመኔ፣ ሥዕሉን እኔ ልሣለው ወይስ የታተመ ልግዛ? እጄ ለሥዕል አይሆንም።

ጠመኔ፦
አትሣዪ፣ አትግዢም። የራሱን ዴስክ፣ የራሱን ምሳ ዕቃ፣ የትምህርት ቤቱን ሽንት ቤት በር በስልክሽ አንሺና ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሚ። በሰፊ ስኮች ሸፍኚው፤ ወረቀቱ ባዶውን ከሆነ በሳምንቱ ያልቃል። አንዱ ቅጂ እቤት ይቀመጥ፣ ቅዳሜና እሑድም ይገልብጥ።