«ጩቤ 1»፦ ስለ ሰንጢ፣ ስለ ካራና ስለ ቁርጥ ቃላት

የጅሬን ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ጥያቄ አለኝ። ታሪኩን ካልነገርኳችሁ ግን ጥያቄው አይገባችሁም።

ባለፈው ሳምንት ከአያቴ ጋር እዚሁ ጅማ አንድ ሕንፃ ልንገባ በር ላይ ፈተሹን። አያቴ ከኮታቸው ኪስ የማትጠፋ ሰንጢ አለቻቸው። እጀታዋ ቀንድ ነው። ስትታጠፍ ከአመልካች ጣት አትበልጥም። ጥበቃው ተቀበላቸውና ብጣሽ ወረቀት ሰጣቸው። ወረቀቱ «ጩቤ 1» ይላል። አያቴ መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡት። ፊታቸው ተለዋወጠ። «ልጄ፣ ጩቤ የሚይዝ ሰው ሊወጋ የሚሄድ ነው። እኔ በዚህች የምልጠው ሸንኮራ ነው። ሰንጢ ብለህ ጻፍ» አሉት። ልጁ ሳቀ። «አባባ፣ ያው አይደል እንዴ?»

ስንወጣ ሰንጢዋን መለሰልን። ወረቀቱን ግን አላስተካከለም። አያቴ ቤት እስክንገባ ድረስ ሲያጉረመርሙ ነበር።

እስቲ ፍረዱን። ያው ነው? ሰንጢ፣ ጩቤ፣ ቢላ፣ ካራ፤ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው? ሰንጢ ለመባልስ የግድ መታጠፍ አለበት?

ከጎጃም የመጣች፦
አባባ ትክክል ናቸው። ጩቤ ጫፉ ሹል ነው፤ በሁለቱም ጎኑ ይቆርጣል። ሽንኩርት ክተፍበት ብትባል ጣትህን ነው የምትከትፈው። ቢላ ግን ጀርባ አለው። አንዱ ጎኑ አፍ፣ አንዱ ጎኑ ጀርባ። ጀርባውን በጣትህ ትጫነዋለህ። ጩቤ የምትጫንበት ጀርባ የለውም።

ካራ ላይ ግን አገር ይለያያል። እኛ ቤት ሽንኩርት የሚከተፍበት ቢላዋ፣ በግ የሚታረድበት ካራ ነበር። ጅማ ለትምህርት መጥቼ ዶርም ውስጥ «ካራ አቀብሉኝ» ስል፣ ሰው ላርድ የተነሳሁ ነበር የመሰላቸው። ብርቱካን ልልጥ ነበር ባካችሁ።

መታጠፉን በተመለከተ፣ ሳይታጠፍ ኪስ የሚገባ ስለት አይቼ አላውቅም። ኪሱም አይተርፍ።

ግዕዝ ቀመስ፦
«ሰንጢ ከሰነጠቀ የመጣ ነው» የሚል ሰው ሳይመጣ ልቅደም። ድምፁ ይመስላል። መምሰል ግን ዝምድና አይደለም። ማስረጃ ያለው ያምጣ።

እኔን የሚገርመኝ ሰንጢ ሳይሆን ስለት ነው። እስቲ ይህን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፦ ሠዓሊው ሥዕል ሣለ፤ ሉካንዳው ቢላ ሳለ፤ ጉንፋን የያዘው ልጅ ሳለ፤ እናቱ «ማርልኝ» ብላ ተሳለች። አማርኛ አራቱንም አንድ ድምፅ አድርጓቸዋል። ግዕዝ ግን እያንዳንዱን በየፊደሉ ለይቶ ያስቀምጣል። ሥዕል በንጉሡ ሠ እና በዐይኑ ዐ ነው፤ ሠዐለ። የጉንፋኑ በእሳቱ ሰ እና በዐይኑ ዐ ነው፤ ሰዐለ። ልመናው በእሳቱ ሰ እና በአልፋው አ ነው፤ ሰአለ። ስእለት የመጣው ከዚህ ነው። የቢላው ደግሞ በሐመሩ ሐ፤ ሰሐለ።

ይህችን የመጨረሻዋን ያዙልኝ። ከሰሐለ «ስሑል» ይወጣል፤ የተሳለ ማለት ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደር ላይ ንጉሥ ሲያነግሥና ሲያወርድ የኖረው የትግራዩ ራስ ሚካኤል «ስሑል» የተባለው ብልህ ነው፣ ጭንቅላቱ ስል ነው ለማለት ነው። ዛሬም «የሰላ ትችት» እንላለን። ስለቱ የማይሠራውን ሰው ደግሞ «ደነዝ» እንላለን። ያው የቢላ ስድብ ነው።

ስለዚህ ስትጽፉ ተጠንቀቁ። «ስለት አለብኝ» ብሎ የጻፈ ሰው ቤተ ክርስቲያን ይሂድ ሞረድ ይግዛ አይታወቅም።

የጅሬን ልጅ፦
ጋሼ፣ ይህን ለአያቴ አነበብኩላቸው። «ስሑል» የምትለውን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

ሉካንዳው፦
እኔ ቋንቋ አልተማርኩም። ህርመታ መርካቶ ሥጋ ቤት ነው የምሠራው። ግን ሁሉን ነገር «ቆረጠ» ስትሉ ጆሮዬን ያመኛል።

በሬ ይታረዳል። ቆዳው ይገፈፋል። ቀጥሎ ይበለታል፤ ብልት በብልት ይወጣል። ብልት የማያወጣ ሰው ሥጋ ቤት አይቀጠርም። ለወጥ የሚሆነው ይመተራል። ለቋንጣ የሚሆነው ይዘለዘላል፤ ሳይበጠስ እየተገለበጠ እንደ ሪባን ይወርዳል። አጥንት ይከሰከሳል። ለክትፎ ይከተፋል። ቁርጥ ለሚበላ ደግሞ ሙዳ ይሰጣል፤ የቀረው የራሱ ሥራ ነው። ቢላው የደነዘ እንደሆነ ግን ከእነዚህ ሁሉ አንዱም የለም። ይገዘግዛል። በቃ።

ዛሬ ማሽን ውስጥ ከተው ፈጭተው «ክትፎ» ብለው የሚያቀርቡ አሉ። እሱ የተፈጨ ሥጋ ነው። ከተፈ ያለው ማነው? ስሙ ቢላ ይፈልጋል።

ስለ መሳልም ልንገራችሁ። ጀማሪ ሞረዱ ላይ ቢላውን ይጫናል። አይጫንም። አፉን ጋደም አድርገህ ከእጀታው እስከ ጫፉ ሳብ፤ ገልብጠህ ሳብ። ከዚያ አውራ ጣትህ ጥፍር ላይ በቀስታ አሳርፈው። ካንሸራተተ ገና ነው። ያዝ ካደረገ ሰልቷል። ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ቢላ ስለት አጥብቆ ይይዛል፤ አጥበህ ካላደረቅከው ግን በማግስቱ ዝገት ነው። የሚያብለጨልጨው የገበያ ቢላ አይዝግም፤ ግን ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ይደክማል።

ደግሞ ለእኛ መሳል የሥራ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አራጅ ስለቱን እንዲስልና እንስሳውን እንዳያሰቃይ አዘዋል። አባቴ ቢላውን በጉ እያየው አይስልም ነበር። ጓሮ ዞሮ ነው የሚስለው።

የቆጪዋ፦
ጅማ ላይ ሆናችሁ ኦሮምኛውን ዘላችሁት ልታልፉ ነው እንዴ?

ቢላ «አልቤ» ነው። ምላጭ «ሃዱ» ነው። የስለት አፍ «ቀራ»፣ መሳል «ቀሩ»። አሁን ግዕዝ ቀመስ ይስሙኝ፤ ነቃ ያለ፣ አስተዋይ ሰው «ቀሮ» ይባላል። የዓይን ብሌንም «ቀሮ» ነው። ስልጣኔ «ቀሮሚና»። የእርስዎ ስሑል ከቢላ ተነስቶ ጭንቅላት ላይ ወጣ። የእኛም ቀራ ያንኑ መንገድ ነው የሄደው። ማን ከማን ተማረ አልልም። ቢላ የሚስል ሕዝብ ሁሉ እዚያው ይደርሳል መሰለኝ።

ከጎጃም የመጣች፦
ቆይ ቆይ! ቀራ... ካራ?

ግዕዝ ቀመስ፦
እህቴ፣ እንዳትቸኩዪ። ቀ ሌላ፣ ካ ሌላ። ሰንጢ ላይ ያልኩትን እዚህም እደግመዋለሁ።

ከጎጃም የመጣች፦
እሺ ጋሼ፣ ሰገባዬ ውስጥ መለስኩት።

ሦስት ሰንጢ ያለው፦
እኔ ሰንጢ መሰብሰብ እወዳለሁ። ሰው ቴምብር ይሰበስባል፤ እኔ ሰንጢ። አንዷ ቀይ የስዊዝ ናት፤ ቪክቶሪኖክስ። የስሟ ነገር ለዚህ ቤት ይሆናል። ካርል ኤልዘነር የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1884 ቢላ መሥራት ጀመረ። በ1891 ለስዊዝ ጦር ማቅረብ ጀመረ። እናቱ ቪክቶሪያ ስትሞት፣ በ1909 ስሟን ለቤቱ ሰጠው። በ1921 የማይዝግ ብረት ሲመጣ፣ «የማይዝግ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል «ኢኖክስ»ን ቆርጦ ቀጠለበት። ስለዚህ «የማትዝገው ቪክቶሪያ» ናት። እናትን እንደዚህ ያሞገሰ ቢላ ሠሪ ከወዴት ይገኛል?

ሁለተኛዋ ኦፒኔል ናት፤ የፈረንሳይ ገበሬ ሰንጢ፣ እጀታዋ እንጨት። በሷ ሥጋ ቆርጬ አላውቅም። አይብ ለሚበሉ ነው። ሦስተኛዋ የአጋሮ አንጥረኛ የሠራልኝ ናት። ስም የላትም። ቅዳሜ ሥጋ ቤት ይዣት የምሄደው እሷን ነው።

ከጎጃም የመጣች፦
ሥጋ ቤት ካነሳን «ቁርጥ»ን ሳንነካ አንሄድም። አንድ ቃል ስንት ቤት ይኖራል? ሥጋው ቁርጥ። ልጁ «ቁርጥ አባቱን»። ሰው «ቁርጡን ንገረኝ» ሲል መሸፋፈኑ ሰልችቶታል። «ቆርጦ ተነሳ»፣ ቆራጥ ሆነ። ተስፋ ይቆረጣል፣ ትኬት ይቆረጣል። ሆድ ሲታመም ቁርጠት። አጥንት ሲታመም ቁርጥማት። ዳቦ ብቻ ነው ከዚህ ያመለጠው፤ ይቆረሳል እንጂ አይቆረጥም። ቁርስ የመጣው ከዚያ ነው።

አንድ ቀን እዚሁ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ከጓደኞቼ ጋር ነን። አስተናጋጁ «ቁርጥ ነው ጥብስ?» ሲለን አንዷ ብሯን እየቆጠረች «መጀመሪያ የዋጋውን ቁርጥ ንገረኝ» አለችው። ነገራት። ሽሮ አዘዝን።

ሉካንዳው፦
እህቴ፣ የሆድ ነገር ሆድ ይቆርጣል የተባለው ለዚህ ይሆን?

ከጎጃም የመጣች፦
እሱ የቂም ነው እንጂ የረሃብ አይደለም! በሆድ ተይዞ የቆየ ነገር ማለት ነው። የኛ ያን ቀን የነበረው ግን ሁለቱም ነው።

የቆጪዋ፦
ቁርጥ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ልጅ ሆኜ አጎቴ ሲበላ ዓይኔን እጨፍን ነበር። ሙዳውን በጥርሱ ይይዛል፤ በግራ እጁ ይወጥራል፤ ቢላውን ከከንፈሩ በታች ወደ ላይ ይስባል። አፍንጫውን ሳይነካ። ሚጥሚጣው ጢሙ ላይ ይቀራል። ያኔ ነው «የቢላ አፍ» ለምን እንደተባለ የገባኝ። አፍ ለአፍ ነበሩ።

የጅሬን ልጅ፦
እኔ ከዚህ ሁሉ በኋላ ፍርዱን ይዤ ሄድኩ። አያቴን «ረትተዋል» አልኳቸው። ወረቀቷን አልጣሏትም፤ ከኮታቸው ኪስ አወጧት። እስክሪብቶ ተቀበሉኝና «ጩቤ» የሚለውን ሰርዘው ከላይ «ሰንጢ» ብለው ጻፉ። በሚያምር የድሮ እጅ ጽሑፍ። አንዱን ቁጥር አልነኩትም።

አንድ ነገር ግን ቀረኝ። ሰንጢ ስለቷ ላይ፣ ከጀርባዋ በኩል፣ ጥፍር የምትገባባት ትንሽ ጭረት አለች። እሷን ይዘህ ነው የምትከፍታት። ስሟ ማነው?

ሦስት ሰንጢ ያለው፦
እኔ ዘንድ ሦስቱም ላይ አለች። ጠርቻት አላውቅም።

ግዕዝ ቀመስ፦
አያትህን ጠይቅ።

የጅሬን ልጅ፦
ጠየቅኳቸው። ሸንኮራ እየላጡ ነበር። ቀና ሳይሉ «ጥፍር» አሉኝ።