የአርክቲክን የባሕር ወለል ካርታ በምን ያነሱታል?

የጣና ዳር ልጅ፦ ሰላም ወገኖች። ባሕር ዳር ጂኦሎጂ እማራለሁ። ዘጌ ዳር ባለታንኳው ዘንጉን ሰዶ ያወጣና ጫፉን እያየ «ይሄ ጭቃ ነው፣ ያ ድንጋይ ነው» ይለኛል። የኖርዌይን የአርክቲክ ጠርዝ ግን፣ ከሺህ ሜትር በታች ያለውን፣ በምን ያውቁታል? ካርታው ካለቀ በኋላስ ለምን ይከታተሉታል?

ቀያሹ፦ በድምፅ ነው ወንድሜ። ከመርከቧ ሥር ያለው መልቲቢም ሶናር ድምፁን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ይልካል። የመመለሻው ጊዜ ጥልቀቱን ይነግራል። ጥንካሬውም ይነበባል፦ ድንጋይ አጉልቶ ይመልሳል፣ ለስላሳ ጭቃ ይውጠዋል። ድምፅ ብቻውን ግን አይታመንም። ካሜራ ይወርዳል፣ ጭቃም ይወጣል። የኖርዌይ ማሬአኖ ፕሮግራም ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ይህንን ነው።

እመቤት፦ ስለ ክትትሉ እኔ ልጨምር። በባረንትስ ባሕር ተዳፋት፣ 1,250 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሃኮን ሞስቢ የሚባል የጭቃ እሳተ ገሞራ አለ። እሳት የለውም፤ ጭቃና ሚቴን ነው የሚተፋው። ጭቃው ሲፈስ የወለሉ መልክ ይለወጣል። ወደ ደቡብ ደግሞ፣ ስቶሬጋ በሚባለው የኖርዌይ የባሕር ጠርዝ ላይ፣ የዛሬ 8,000 ዓመት ገደማ ተዳፋቱ ተንዶ ሱናሚ አስነስቷል። ስለዚህ መከታተሉ ቅንጦት አይደለም።

የጣና ዳር ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ! ጣና ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ታዲያ ይቀላላ?

ቀያሹ፦ እንዲያውም ይብሳል። ሶናሩ በአንድ ጉዞ የሚሸፍነው የጥልቀቱን 3 ወይም 4 እጥፍ ያህል ስፋት ነው። 10 ሜትር ውሃ ላይ ከ30 እስከ 40 ሜትር ብቻ ታያለህ። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሐይቅ በዚያ መመላለስ ከባድ ነው። እኔ ብሆን ግልገል አባይ ከሚገባበት እጀምራለሁ፤ ደለሉ እዚያ ነው።